ቶሎ ትግላለች

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ስለ ፍሬን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ካለም ገና አፉን አልፈታም። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ብተወውም የፍሬን ሸራ በማሽተት ብቻ ደህናውን ከአተላው እለያለሁ። የአባ የመለዋወጫ ሱቅ በቁልፍ ሳይሆን በእኔ ነው የሚከፈተው ብል ውሸት የለበትም። ሾፌሮቹ ሲገቡ ሰላምታውን ለአባ፣ ጥያቄውን ለእኔ ነው የሚያቀርቡት። «የቱን ልውሰድ፣ ራጂያ?» ይሉኛል። እኔም አላፍርም። «ይሄን ተወው፣ ቁልቁለት ላይ እንደ ላስቲክ ይቀልጣል፤ ያኛውን ውሰድ» እላለሁ። ይሄም ያም የአባ ዕቃ ነው። ያን ጊዜ አባን ሳል ሳል ይላቸዋል። የጎማው ሽታ መስሎኝ መስኮት እከፍትላቸው ነበር።

ለዚህ ነው ዓርብ ዕለት ከአስር ሰላት በኋላ የሰማሁት ነገር ደሜን ያፈላው። ሱቁን ከጓዳው የሚለየው ችፑድ ስስ ስለሆነ ወዲያ ማዶ ሰው ውሃ ሲውጥ እንኳ ይሰማል። እኔ ጓዳ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ብሎን እለቅማለሁ፤ አባና ታላቅ ወንድሜ ማህዲ ከወዲያ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ የእኔ ጆሮ ይቆማል።

«ጠባይዋስ ግድ የለም» አሉ አባ። «ቶሎ መጋሏ ነው እንጂ። ፍሬን የሚባል አልፈጠረባትም።»

«ነገ ቡሬ ይዣት ስሄድ ይለይላታል» አለ ማህዲ።

«ቀስ ብለህ ታዲያ። መንገድ ላይ እንዳትግልብህ።»

ቅጥል አልኩ። ጠፍጣፋዋን ነው እንዲህ የሚሏት! ጠፍጣፋዋ ማለት ማህዲ ስንት ዘመን አይሱዙ ነድቶ የገዛት ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና ናት። ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማትል መንገድ ላይ ያለ ጉብታ ሁሉ ሆዷን ይኮረኩራታል፤ ስሙንም ያወጣላት የሰፈሩ ልጅ ነው። በማግስቱ ቡሬ አጠገብ የዙር ቀን ነበር፤ የአካባቢው መኪና ወዳድ ተሰብስቦ ተራ በተራ ክብ አስፋልት ላይ የሚበርበት ቀን። እንዲህ ባለ ቀን ቀድሞ እጁን የሚሰጠው ሞተር አይደለም፣ ፍሬን ነው። ይበራል፣ ይረገጣል፤ ደግሞ ይበራል፣ ይረገጣል። ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ባለፈው ጊዜ ማህዲ ሣር ውስጥ ገብቶ ከከብት ጋር የቆመው በዚህ ነው። ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ሥሯ ተንጋልዬ ያበጀሁትን ፍሬን «አልፈጠረባትም» ሲሉ እንዴት አልናደድ?

ነገሩ ደግሞ የክብር ብቻ አልነበረም። ማህዲ ቃል ገብቶልኛል። «ፍሬኗ ሳይከዳኝ ቀኑን ከዋለ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ባዶ ክፍል ለፍሬን ሥራ እንዲሰጡሽ ለአባ እነግርልሻለሁ፣ ወላሂ» ብሎኛል። እኔ በሐሳቤ ግድግዳዋን ቀለም ቀብቼ፣ በሯ ላይ «ራጂያ ፍሬን» ብዬ ጽፌ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሾፌሮች የሚቀመጡበትን አግዳሚ ሁሉ አስገብቼ ጨርሻለሁ። ሾፌሮቹ እዚያ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ ሳይቀር ይታየኝ ነበር።

ያደረግኩላት እንዲህ ነው። አሮጌውን የፍሬን ዘይት አፍስሼ ከታሸገ ጣሳ አዲስ ሞላሁ፤ የፍሬን ዘይት እንደ ጨው ነው፣ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይርሳል፣ የራሰ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ዲስኩን ቆንጥጦ የሚያቆመውን ሸራ ሙቀት በሚችል ለወጥኩት። ቆጋ ላይ ድንች የሚያለማ ደንበኛችን የተወልንን ወፍራም የፓምፕ ቱቦ ቆርጬ፣ አንዱን አፉን ከፊት መከላከያው ቀዳዳ ላይ፣ ሌላውን ወደ ዲስኩ አዙሬ በሽቦ አሰርኩት፤ መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ገብቶ ዲስኩን እፍ እንዲልላት። ማህዲ ሲያየው «መኪና ነው ወይስ የመስኖ ቦይ?» ብሎ ስቆ ነበር። መኪናዋን ሞክሮ ሲመለስ ግን ሳቁን እዚያው መንገድ ላይ ትቶት መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጠፍጣፋዋን እያቀለልኩ ነበር። ክብደት የፍሬን ጠላት ነው፤ የከበደ ነገር ለማቆም ብዙ መርገጥ ይፈልጋል። የኋላ ወንበሯን ነቀልኩ፣ ትርፍ ጎማውን አወረድኩ፣ ክሪኩን፣ ምንጣፉን፣ ማህዲ የሚኮራባቸውን ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ሳይቀር አወጣሁ። እማ ይሄኔ ከቤት አንድ የተወጠረ የጉዞ ቦርሳ ይዛ መጣችና ኋላ አስገባችው። ዚፑ ስለተበላሸ በገመድ አስራዋለች።

«እማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የዙለይካ ነው።»

ዙለይካ ቡሬ ያሉት አክስታችን ናቸው፣ የአባ እህት፤ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። «ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚከብደው? ሌላ ቀን በሚኒባስ ይሂድላቸው። እኔ እዚህ ግራም ስቀንስ አንቺ ኩንታል ትጭኚብኛለሽ?»

«የዙለይካ ነው አልኩሽ እኮ፣ ራጂያ» አለች። ወትሮ እማ አንድ ስላት አራት ትመልስልኛለች። ያን ቀን ግን ሻሼን ይዛ መርፌ ቁልፉን ከፈተችው፣ አስተካክላ መልሳ ቆለፈችው፣ እንደገና ከፈተችው። ዓይኗን አገጬ ላይ ተክላ ከዚያ በላይ አላነሳችውም። እኔ የቸኮልኩ ሰው ነኝ፤ «እማ፣ ትወጊኛለሽ» ብዬ እጇን ገፋ አድርጌ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ማህዲም ያን ቀን ሌላ ሰው ሆኗል። ማንኩሳ ስንደርስ ሳልጠይቀው ቆሞ ሸንኮራ ገዛልኝ። ማህዲ ለሰው ነገር ገዝቶ አያውቅም፤ ለራሱ እንኳ ጫማ የሚገዛው እግሩ መሬት ሲነካ ነው። ለፍሬኑ ምስጋና ይሆናል ብዬ እስከ ቡሬ ሸንኮራዬን እያኘክሁ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እያዘዝኩት ሄድኩ። «አሁን ማርሽ ቀንስ። ፍሬን ላይ እግርህን አታስተኛ፣ አልጋ አይደለም።» እሺ እያለ ያደርጋል። ይሄም ሊገርመኝ ይገባ ነበር።

የዙሩ ቦታ ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ለፋብሪካ ተብሎ የታጠረ ሜዳ ነው፤ ፋብሪካው አልመጣም፣ አስፋልቱ ግን ቀድሞ መጥቶ ክብ ሠርቶ ይጠብቃል። ከእንጅባራም ከዳንግላም የመጡ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ሙዚቃው የየራሱን ይጮኻል። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች በትራቸውን ትከሻ ላይ አጋድመው ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ አንዳንዱ ዶሮውን እንዳቀፈ ነው። መኪና ይዘው የመጡት ጎረምሶች እኔን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን ለማህዲ የመጨረሻ ትእዛዜን እየሰጠሁ ነበር፤ ኩርባ ውስጥ ገብተህ አትርገጥ፣ ከመግባትህ በፊት ቀጥ እንዳልክ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ቶሎ ልቀቅ፣ በእጄ የያዝኩትን ቀይ ሻሽ ሳወዛውዝ ፍሬን ሳትነካ ቀስ ብለህ አንዴ ዞረህ አብርዳት፣ ስትቆም ደግሞ እጅ ፍሬን እንዳትስብ፣ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል፤ ድንጋይ እኔ አስደግፋታለሁ።

ከእኛ በፊት የገባው ፍጹም የሚባል የዳንግላ ልጅ ነበር፤ ስፕሪንጓን ቆርጦ ያሳጠራት ነጭ መኪና አለችው። እንደ እብድ ዞሮ ዞሮ፣ ሳያበርድ ቀጥ ብሎ መጥቶ ቆመ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ወዲያው ጀሪካን አንስቶ ሮጠ።

«ኧረ ተው! የጋለ ብረት ላይ ውሃ ትደፋለህ?» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?»

«የአብዱረህማን መለዋወጫ ልጅ ነኝ። ተው ስልህ ተው!»

«አሃ! የገዛ አባቷን ዕቃ የምታጥላላዋ!» ብሎ ሳቀና ውሃውን ደፋው። ዲስኩ ቿ ብሎ ጧ አለ። ተሰነጠቀ። ዳገቱ ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ፈረሳቸውን ይዘው አጠገቤ የቆሙ እንግዳው የሚባሉ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈረስም ሮጦ ሲመጣ ወዲያው አይታሰርም፣ ውሃም አይሰጠውም። ትንፋሹ እስኪገባ ይዞ ማንሸራሸር ነው» አሉ።

«ይኸው! አባቴ፣ እኔም ይህንኑ ነው የምለው!» አልኩ። ስሜ ዳንግላ ድረስ መድረሱ ደስ ብሎኛል። ምን ተብሎ እንደደረሰ አላሰብኩም።

የማህዲ ተራ ደረሰ። ጠፍጣፋዋ እንደ ቀይ ወፍ ሄደች። ኩርባ ኩርባ ላይ እንዳልኩት ይረግጣል፣ ይለቃል። ቀዩን ሻሽ ሳወዛውዝ ቀስ ብሎ ዞሮ መጣ። ድንጋዬን አስደገፍኩ፤ እጄን ወደ ጎማው ሳስጠጋ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ፤ ሆኖም ጭስ የለም፣ ፔዳሉም ጠንካራ ነው። ትንሽ የተቃጠለ ሽታ ግን አፍንጫዬ አገኘ። ክብደቱ ነው አልኩ በልቤ፤ ያ የአክስቴ ቦርሳ ነው! «ላውርደው?» ብለው ማህዲ ከጓደኞቹ መሐል ሆኖ ዘወር አለና «ተይው! እንዳትነኪው!» አለኝ። እንዲህ የተቆጣኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ለሁለተኛው ዙር መሪውን ሲጨብጥ ግን በኋላ በኩል ቀስ ብዬ ከፍቼ ቦርሳውን ጎትቼ አወረድኩት። መኪናዋ ተፈተለከች።

አቧራ እንዳይነካው ብዬ ቦርሳውን ወደ ሣሩ ላንሳው ስል ገመዱ ተበጠሰ። መጀመሪያ የወጣው አረንጓዴው ቀሚሴ ነው፤ ለኢድ ያሰፋሁት። የአክስቴ ሰውነት እዚያ ቀሚስ ውስጥ አይገባም። ቀጥሎ ሹራቤ። ሻሾቼ ሁሉ፣ አንድ በአንድ ታጥፈው። የቤት ጫማዬ፣ የጥርስ ብሩሼ፣ ማበጠሪያዬ። ከሥር ደግሞ ተጨምቆ የገባ ትራሴ። ትራሱን ይዤ ቆምኩ። ለአንድ ቀን እንግድነት ለሚሄድ ሰው ትራስ አይላክም።

ያን ጊዜ የዓርቡ ወሬ እንደገና ጆሮዬ ውስጥ አስተጋባ። ቶሎ ትግላለች። ፍሬን አልፈጠረባትም። መንገድ ላይ እንዳትግልብህ። አማርኛ መኪናንም ሴት ልጅንም እኩል «እሷ» ይላል፤ የጎጃም ሰው ደግሞ እንኳን ለቅኔው ለሱቅ ወሬውም ሰምና ወርቅ አያጣለትም። እኔ ሰሙን ይዤ ለመኪናዋ ስቆጣ፣ ወርቁ እኔ ነበርኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ ያበጀኋት መኪና እኔን ለመጣል ነበር የተበጀችው። በገዛ እጄ ዘይት ቀይሬ፣ በገዛ እጄ አቅልዬ፣ ሸንኮራዬን እየመጠጥኩ ራሴን አምጥቼ አደረስኩ።

ጠፍጣፋዋ በፊቴ አለፈች። ሽታው መጣ። ምልክት የምሰጥበት ሰዓት ደርሷል፤ ማህዲ በመስኮት ወደ እኔ አየና ሻሹ ስላልተወዛወዘ እንደገና ጋዝ ሰጣት። ትራሴን አቅፌ አየሁት። አንድ ዙር ብቻ ዝም ብል ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ታላቅ ወንድሜ ከገበሬዎቹ ዶሮ ጋር ይተዋወቃል። ዞሮ ሲመጣ የፊት ጎማው ሥር ቀጭን ጭስ አየሁ። እጄ ራሱ ተነሳ፤ ሻሹን አወዛወዝኩ። ለማህዲ ብዬ አይደለም። ሸራው አሳዘነኝ።

ቀስ ብሎ ዞሮ አብርዶ መጣና ቆመ። ድንጋዩን አስደገፍኩ፤ ከዚያ ትራሴን ኮፈኗ ላይ አስቀመጥኩት። ማህዲ የራስ ቁሩን እያወለቀ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«መቼ አወቅህ?» አልኩት።

«ራጂ፣ ሰው እያየን ነው...»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሰሞኑን።»

«ዘይቱን ስቀይርልህ ታውቅ ነበር? ቱቦውን ሳስርልህስ?»

«ለአንቺው ብለን ነው» አለ ወደ መሬት እያየ። «ያ የአይሱዙዎቹ ባለቤት፣ ሀብተሚካኤል፣ የሸጥንለትን ሸራ ሾፌሩ ፊት አተላ ነው ስትዪበት መኪኖቹን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። አባ ስንት ጊዜ ሳሉብሽ! አልሰማ አልሽ። የዙለይካ ልጅ ደግሞ አግብታ ሄዳለች፤ ቤታቸው ሰው ይፈልጋል። ትንሽ ትበርጂና...»

«ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

መልሱን ከማህዲ አፍ ሳይሆን ከዓይኑ ነው ያገኘሁት፤ ወደ ጎማዎቹ አየ። ጠዋት ቢነግረኝ አልመጣም ነበር፤ ካልመጣሁ ደግሞ ሻሹን ማን ያወዛውዛል? ዙሩ እስኪያልቅ አስፈልገው ነበር። ከዚህ በኋላ ልጠይቀው የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የፍሬኑ ክፍልስ?»

ማህዲ ከልቡ ግራ ገብቶት አየኝ። «የቱ ክፍል?» አለ።

አክስቴ ዙለይካ ቤት የደረስነው ምሳ ቀርቦ ነው። ቤታቸው ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ። ሳሎኑ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ እስከ ኮርኒሱ ተቆልሏል፤ ሰው የሚቀመጠው በጣቃዎቹ መሐል በተረፈው ቦታ ነው፤ ድምፅ ሁሉ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ይሰምጣል። አክስቴ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ግንባሬን ሳሙኝ፣ እጄ ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት አይተው ሳሙና አመጡልኝ። «ልጄ የነበረችበት ክፍል ነው፤ አንሶላውን ዛሬ ነው የለወጥኩት» ብለው አሳዩኝ። አልጋው ላይ ብርድ ልብስ እንጂ ትራስ አልነበረበትም። እማና እሳቸው በስልክ ተነጋግረው የተከፋፈሉት መሆን አለበት፤ አልጋው ከአንዷ፣ ትራሱ ከሌላዋ። ነገሩ ሁሉ እንደ ሠርግ ዕቃ ተቆጥሮ ሲሰናዳ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማህዲ ምሳውን እየተጣደፈ ጎረሰ። አክስቴ ስለ ዋጋ ማውራት ጀመሩ፤ ጨርቅ እንዴት እንደናረ፣ ዘይት እንዴት እንደጠፋ። ማህዲ እውነት ነው፣ እውነት ነው ይላል። እኔን ማንም አላየኝም፤ ሦስታችንም የምናየው ሳህኑን ነበር። ማህዲ ብድግ ሲል እኔ እንዳልሸኘው የሚፈራ መስሎ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። አልሸኘሁትም። ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁት። ወደ ሱቁ በር ስወጣ ጠፍጣፋዋ መንገዱን ይዛለች፤ ቅልል ብላ፣ እኔም ቦርሳዬም ስለሌለንባት። የፍሬን መብራቷ አልበራም። እንዳልኩት ማርሽ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ እኔን ለመጣል እንኳ ያስተማርኩትን አልረሳም።

«እንግዲህ አትተክዢ፣ እቴ» አሉኝ አክስቴ። «እኔ ቤት ማንም አይቆጣሽም። ትሠሪያለሽ፣ ትበያለሽ።»

«አክስቴ፣ ስልክዎን ይሰጡኛል? አባን ሰላም ልበላቸው።»

ሰጡኝ። ጣቃዎቹ መሐል ገባሁ። መጀመሪያ አፌን እይዛለሁ ልላቸው ነበር፤ ከእንግዲህ የሸጡትን ሁሉ ጥሩ ነው እላለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ ብቻ ይመልሱኝ። ይህን እየተለማመድኩ ነበር የደወልኩት። አባ ስልኩን ሲያነሱ ግን ከኋላቸው የሱቁ ድምፅ ተሰማኝ፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ አንድ ሾፌር ይስቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ነው። ያ ሳቅ ደሜን አፈላውና የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«አባ፣ ራጂያ ነኝ።»

«ደህና ገባሽ? አልሐምዱሊላህ። በርቺ። ዙለይካን ሰላም በያት።»

«ቆይ፣ አባ፣ እንዳይዘጉት! ማሰቡን አስበውታል? ሱቁን እንዴት ሊያደርጉት ነው? የትኛው ሸራ የአይሱዙ፣ የትኛው የፒክአፕ፣ የትኛው የፊት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ ከእኔ በቀር ማን ይለይልዎታል?»

አባን ሳል ሳል አላቸው።

«ካርቶኑ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።